የዲኑ ረቡዕ

አፋቸው ስለት የሆነ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ባንቺአየሁ ታይፎይድ ጥሏት አንድ ኮርስ ብታቋርጥ፣ የኮሌጁ ዲን ድጎማዋን በሙሉ ሰረዙባት። ድጎማው ከቀረ ትምህርቱም መቅረቱ ነው። አሮጊቷ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ቢሮ ገቡ።

ዲኑ አንገታቸው ላይ ወፍራም ማተብ አስረው ማኪያቶ ይጠጣሉ።

«እማማ፣ ሕግ ነው። አንዱን የተወ ሁሉንም እንደተወ ይቆጠራል» አሉ።

አሮጊቷ አንገታቸውንም ጢማቸውንም አየት አደረጉ። «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

«ታዲያ ጢምህ ላይ የወተት አረፋ አለ። አንድ ረቡዕ ገደፍክ ብሎ ማተብህን የበጠሰብህ አለ? እሷስ ታማ ነው፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ዲኑ በአንድ እጃቸው ጢማቸውን እየጠረጉ፣ በሌላው ስረዛውን ሰረዙ።