የእንግዳው በትር

ዱሮ፣ ቡቃያ ከቡቃያ ጋር ቡና ባይጠራራም ጉርብትና በነበረው ዘመን፣ በአንድ አገር እመት ስንዴና እመት መጭ በአንድ ትልም ይኖሩ ነበር። መጭ ቢጫ አበባ የምታወጣ ቆንጆ አረም ናት። ገበሬው አይወዳትም፤ ስንዴ ግን ትወዳታለች።

አንድ ጠዋት ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣና የአረም መድኃኒት ረጨ። ከጠብታው ጋር አንድ እንግዳ ወረደ፤ አያ መርዝ ነው። ትልቅ በትር ይዞ፣ ፈገግ ብሎ የመጭን ደጅ አንኳኳ።

«ማነህ?»

«አሳዳጊሽ ነኝ እመቤቴ! እንዲህ አጭር ሆነሽ ልትቀሪ ነው?»

ይህን ተረት ለልጆች ያወራ የነበረው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ያለሰልሰው ነበር፤ ልጆቹም «አትክፈቺ!» እያሉ ይጮኹበት ነበር።

ስንዴም ጮኸች። «አንቺ መጭ፣ መጀመሪያ በትሩን ተቀበይው!»

«ማን ይቀበልልኝ? ብቻዬን ነኝ። ደግሞስ ማን እመቤቴ ብሎኝ ያውቃል?» አለችና ከፈተችለት።

«እደጊ!» አላት፤ አደገች። «እደጊ!» አላት፤ አደገች። ግንዷ ተጣመመ፤ ቅጠሏ ተጠቀለለ። «ይበቃኛል ጌታዬ!» ብትለውም፣ «እደጊ!» አላት። በገዛ እድገቷ ተሰነጣጥቃ ወደቀች።

አያ መርዝ ወደ ስንዴ ዞረ። «እመት ስንዴ፣ አሳዳጊሽ ነኝ!»

«ቤት ለእንግዳ! ግባ።»

ስንዴ ቤት ግን ሠራተኞች አሉ፤ የዛሬ ተማሪዎች ኢንዛይም ይሏቸዋል። አንደኛዋ በትሩን ነጥቃ ቀነጠሰችው።

«ኧረ በትሬን!»

«በትር ይዞ ማዕድ አይቀረብም፣ አያ!»

ሁለተኛዋ አንድ ቋጠሮ ስኳር በጀርባው አሰረችበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስንቅህ ነዋ!»

ሸክሙ ከብዶት እንኳን «እደጊ» ሊል፣ መተንፈስም አቃተው። የጓዳው በረኛ እየጎተተ አስገብቶ ቆለፈበት።

«እመት ስንዴ! አሳዳጊሽን እንዲህ ታደርጊዋለሽ?»

«እኔን ያሳደገኝ ዝናብ ነው» አለችው በበሩ ቀዳዳ።

ስንዴ ገርጥታ ሰነበተች። ገበሬው «ማዳበሪያ አንሷት ይሆናል» አለ። ድካም ነበር፤ ሐዘንም ነበር። ኋላ መልኳ ተመለሰ፣ ዛላዋም ወጣ። ነፋስ ሲነፍስ ግን መጭ ወደነበረችበት ባዶ ቦታ ትጎነበስ ነበር።

«ሞኝ ስለነበረች ነው አይደል የሞተችው?» አሏት ፍሬዎቿ።

«ሞኝ አልነበረችም ልጆቼ። በትሩን የሚቀበልላት አጣች።»

ተረቴ ከማሳው ወጣ፤ ቃሉ ከእናንተ ይቅር፦ እንግዳ ሲመጣ፣ መጀመሪያ በትሩን ተቀበሉ፣ ኋላ ጉንጩን ሳሙ።