የጡረተኞቹ ግቢ ዘበኞች

ከመንደሩ በላይ፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ በቅንጭብ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበረ። የከብት ጡረታ ቤት ነው ቢባል ይቀላል። ማረስ የተሳነው በሬ፣ ጀርባዋ በጭነት የተላጠ አህያ፣ መውለድ ያቆመች በግ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ፣ ሁሉም ቀሪ ዕድሜውን የሚገፋው እዚያ ነበር። ግቢውን ያቋቋሙት እትዬ ማንያህልሻል የሚባሉ ልጅ ያልወለዱ ባልቴት ናቸው። «ሲያገለግል የኖረ ፍጥረት ጉልበቱ ስላለቀ ብቻ ወደ ቢላዋ አይላክም» ብለው መሬታቸውን ለከብቶቹ ሰጡ።

መንደሩ መጀመሪያ ሳቀባቸው። እያደር ግን ነገሩ ጣመው። መኸር ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ቤት ጭድ ያወጣል፤ ግቢው ደግሞ ፍግ ይሰጣል፤ በዚያ ፍግ የመንደሩ ጎመን ቅጠሉ ሰፍቶ የሕፃን ልጅ ጥላ ይሆን ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ሰጋሪት የምትባለው አሮጊት በቅሎ ሳታንገጫግጭ ጤና ጣቢያ ታደርሳታለች። ማንም ያልተፈራረመው፣ ማንም ግን ያላፈረሰው ውል ነበር።

በግቢው ውስጥም ሥርዓት ነበረ። ከብት ይበላል፣ ያመሰኳል፣ ይተኛል፤ ውሻ ይጠብቃል። የውሾቹ አለቃ መብረቅ ይባላል። አንገተ ወፍራም፣ ንግግረ አጭር ነበር፤ ብዙዎቹ ዝምታውን ከጥበብ ይቆጥሩለታል።

ወይኖ የሚባለው በሬ በዚህ ኑሮ ከማንም ይልቅ ደስተኛ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያረሰው ሞላልኝ ለሚባል ገበሬ ነው። ጉልበቱ ሲከዳው የሥጋ ነጋዴ ሊገዛው መጣ፤ ሞላልኝ እምቢ ብሎ ራሱ እየነዳ ወደ ግቢው አመጣው። ሲሰናበተው ግንባሩን በቀንዶቹ መካከል አሳርፎ ጥቂት ቆየና ቁልቁል ወረደ። ወይኖ ጭድ ባመሰኳ ቁጥር የዚያ ሰው ላብ ይሸተው ነበር።

እትዬ ማንያህልሻል ሞቱ። መንደሩ አልቅሶ ቀበራቸው። ከቀብር በኋላ መብረቅ እሳቸው ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ማንም አልሾመው፤ ማንም ደግሞ ውረድ አላለው።

ብዙ ሳይቆይ በጎች መጥፋት ጀመሩ። ሲነጋ ደም ይገኛል፣ በግ አይገኝም፤ ጭድ የሚያመጡ ሰዎችም ይህን አይተው ነበር። መብረቅ ጉባኤ ጠራ።

«ጅብ ነው» አለ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ። «ጅብ ግን ብቻውን አይገባም፤ መንገድ የሚያሳየው አለ። አጥራችንን ለማገዶ የሚቆርጠው ማን ነው? መንደሩ። ለየበዓሉ ቢላዋ የሚስለው ማን ነው? መንደሩ። አሮጊቷ በሕይወት ሳሉ ያፍሯቸው ነበር። አሁን ማንን ይፈሩ?»

ከብቶቹ ተያዩ። ሁሉም በየልቡ ቢላዋ አየ።

ባዘቶ የምትባል ሽማግሌ በግ ከኋላ ቀስ ብላ ወደ ፊት ወጣች። «አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጅብ ከሩቅ ሲያልፍ እንኳ ውሾቻችሁ ግቢውን በጩኸት ያናውጡታል። በጎቻችን በጠፉባቸው ሌሊቶች ግን አንድም ውሻ አልጮኸም። ለምን ይሆን?»

መብረቅ ምላሱን አውጥቶ ፈገግ አለ። «እማማ ባዘቶ አርጅተዋል። እኛ እንጮሃለን፤ እሳቸው አይሰሙም።»

መጀመሪያ የሳቀው ጢሞ የሚባለው ሙክት ፍየል ነው። ጢሞ በጉባኤ መቼ እንደሚሳቅ የሚያውቅ ፍየል ነበር። ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ። ወይኖም ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው ራሱም አላወቀም። ባዘቶ ዞር ብላ አየችው። «አንተም፣ ወይኖ?» አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ በመወርወሪያ ተዘጋ። ሰው አይገባም፣ ከብት አይወጣም ተባለ። ሆዱ የጮኸበት ሁሉ ረሃቡ ለደኅንነቱ የሚከፈል ዋጋ መሆኑ ተነገረው።

በማግስቱ ባዘቶ አልተገኘችም። ከበሩ ሥር ደም ፈሷል። ከብቶቹ ደሙን ከበው ሳለ የመብረቅ ድምፅ ከኋላቸው መጣ። «ትናንት እማማ ባዘቶ ተጠራጠሩኝ። ዛሬ መንደሩ አረዳቸው። አሁንም የሚጠራጠር አለ?»

ልክ በዚህ ጊዜ ሞላልኝ ትልቅ የጭድ ሸክም ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ገረመው። እጁን አሾልኮ መወርወሪያውን ሳበና ገባ። «ወይኖ! ምነው በር ትዘጉብኛላችሁ?» ብሎ እየሳቀ የጭዱን ገመድ ሊቆርጥ ከወገቡ ማጭድ አወጣ።

«ስለቱን እዩ!» ብሎ ጮኸ መብረቅ። «ቀጣዩ ማን ነው?»

ወይኖ አላሰበም። ያየው ስለቱን ብቻ ነው። ምድሪቱ ከኮቴው ሥር ሸሸች፤ ቀንዱ ሞላልኝን ከብሽሽቱ በታች ገብቶ አነሳው፣ አወዛወዘው፣ ጣለው። ሰውየው በገዛ ጭዱ ላይ ተዘረረ።

«ወይኖ» አለ፤ ከጩኸት ይልቅ መገረም ይበዛበት ነበር። «እኔ ነኝ እኮ።»

ውሾቹ ተረባረቡበት። ከኋላው ይመጣ የነበረው ወንድሙ ፈንቴ በድንጋይና በዱላ ባያስጥለው ኖሮ እዚያው ባለቀ ነበር። ፈንቴ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ፣ ደሙ በእግሩ ላይ እየወረደ፣ ቁልቁል ሮጠ።

ግቢው በደስታ ተናወጠ። መብረቅ ወይኖን «የበሩ ጀግና» ብሎ ሰየመው። የተራቡት ከብቶች በጭዱ ላይ ወደቁበት፤ ደም የነካውን እየለዩ ንጹሑን በሉ። ቆይተው፣ ሲያልቅ፣ መለየቱንም ተዉት። ለወይኖ የተሻለው ድርሻ ተቀመጠለት። አንድ ጉንጭ ወሰደና ተፋው። የሚያውቀው ላብ ሸተተው።

ውሃ ቢጠጣ የሚሻለው መስሎት በግቢው የኋላ ጥግ ወዳለው ምንጭ ሄደ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። ከቁጥቋጦው ወዲያ አጥንት ሲቆረጠም ሰማ። ሄዶ ቢያይ ውሾቹ ባዘቶን ከበዋታል። ከአንገቷ በላይ ያለው ብቻ ቀርቷል፤ ዓይኖቿ ተከፍተዋል።

መብረቅ ቀና አለ እንጂ አልደነገጠም። አፉ ዙሪያ ደም ነበረ፣ ጥርሶቹ መሐል ነጭ ፀጉር ተሰክቷል። «ና፣ ጀግናው። ቅረብ።»

«ጅቡ አንተ ነህ» አለ ወይኖ።

«ዘበኛ ነኝ። ዘበኛ ደግሞ ይርበዋል። አሮጊቷ ከመንደሩ አጥንት ለምነው ያመጡልን ነበር። ሲሞቱ አጥንቱም አብሯቸው ሞተ።»

«መንደሩን አትጠይቁም ነበር? ይሰጧችሁ ነበር እኮ።»

«የሚለምን ዘበኛ ማን ይፈራዋል?» አለ መብረቅ። «ይልቅ ስማኝ። ጠዋት የሰው ደም አፍስሰሃል። መንደሩ ካገኘህ ያርድሃል። ከዛሬ ጀምሮ አንተ የኛ ነህ።»

ወይኖ የተባለው እውነት መሆኑን አወቀ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ቀንዱን ወደ መብረቅ አዞረ።

ውሾቹ አልጠበቁትም፤ ከየጎኑ ገቡበት። ጥቁሬ የተባለው ምክትል ጆሮውን ከሥሩ ቦጨቀው። ሌላው የኋላ እግሩን ጅማት ያዘ። መብረቅ ጉሮሮው ላይ ተንጠለጠለ። ወይኖ እንደተንጠለጠለበት እየጎተተ ከምንጩ ዳር ከነበረ ዋርካ ግንድ ጋር አላተመው፤ ደግሞ አላተመው፤ ጥርሱ ሲላላ ቀንዱን ከጎድኑ በታች ሰደደበት። አለቃቸው ሲያቃስት የሰሙት ውሾች ጅራታቸውን ሸጉጠው ተበተኑ።

ወይኖ ሬሳውን በቀንዱ እንደወጋ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ወደ ጉባኤው መጣና ከድንጋዩ ሥር ጣለው።

«ጅቡ ይኸውላችሁ» አለ። «ጥርሱን እዩ። የባዘቶ ፀጉር ነው። ሞላልኝን በከንቱ ወጋሁት።»

ከብቶቹ አዩ። ፀጉሩን አለማየት አይቻልም ነበር። ጢሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በእውነቱ እጅግ ያሳዝናል። ግን ጊዜውን እንመልከት። መንደሩ መጥረቢያ ይዞ እየወጣ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ይታያል። በዚህ ሰዓት ዘበኛ የሌለው ግቢ ምን ይሆናል? ጥቁሬ ልምድ አለው። ጠርተን ብናነጋግረው…»

«ባዘቶን ከበሉት አንዱ ጥቁሬ ነው!»

«እሱን በሰላም ጊዜ እናጣራለን» አለ ጢሞ።

ወይኖ ወደ ሰጋሪት ዞረ። «አንቺ እንኳ ነይ። ከመንደሩ ልጆች ግማሾቹ ባንቺ ጀርባ ነው የተረፉት። ሰው ቋንቋችንን ባይሰማም ዓይን አለው። እውነቱን ይዘን እንውጣና እናሳያቸው።»

ሰጋሪት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። መጥረቢያዎቹ በፀሐይ ሲያብረቀርቁ አየችና እርምጃዋን መለሰች። «እግሬን ያመኛል፣ ወይኖ» አለች፤ ቀና ብላ ሳታየው።

ወይኖ መብረቅን እንደገና በቀንዱ አነሳ። መወርወሪያውን በግንባሩ ገፍቶ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው እንጨት በእንጨት ላይ ሲገጥም ሰማ። በሩን ዘግተውበታል።

ዳገቱን ከሚወጡት መንደርተኞች ፊት ፈንቴ ነበረ፣ ሸሚዙ በወንድሙ ደም ደርቋል። ከጎኑ የሞላልኝ ሚስት አንጓች ቆማለች። ወይኖ ውሻውን ከእግራቸው ሥር ጣለና የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበረከከ። ፈንቴ መጥረቢያውን አነሳ።

«ቆይ!» አለች አንጓች። ጎንበስ ብላ የውሻውን መንጋጋ ከፈተች። ከጥርሱ መሐል ነጩን ፀጉር መዛ ለሁሉም አሳየች። ቀጥላ የወይኖን የተቦጨቀ ጆሮ፣ የተቀደደ ጉሮሮ አየች። «በጎቹን ሲጨርስ የነበረው ጅብ አይደለም፣ ፈንቴ። እዩት፣ ይሄንንም የነከሰው ውሻ ነው።»

«ወንድሜን የወጋው ግን እሱ ነው!»

«አውቃለሁ። ባሌ ነው፤ ቁስሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሞላልኝ ራሱን ከመሳቱ በፊት ምን እንዳለ ሰምተሃል። ‹አትንኩት፣ አንድ ነገር አስፈራርቶት ነው› አለ።»

ፈንቴ መጥረቢያውን በሙሉ ኃይሉ ወረወረ። ስለቱ ከወይኖ አፍንጫ አጠገብ አፈር ውስጥ ተሰካ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ወይኖ አልተነሳም። ይቅር እንደተባለ አላወቀም፤ ፈንቴም ይቅር ማለቱን አላወቀም።

አንጓች ወደ ተዘጋው በር ሄደች። እንደ ባሏ እጇን አሾልካ አልከፈተችም፤ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ በየስማቸው ጠራቻቸው። «ሰጋሪት! ጢሞ! ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ። ውሾቹን እናስወጣላችሁ።»

ከበሩ ወዲያ የብዙ ኮቴ ድምፅ ተሰማ። እየቀረበ መጣና ልክ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ የትንፋሻቸው ሙቀት መዳፏን ይነካው ነበር። ደግማ ጠራች። ሁሉም ሰሙ፤ መወርወሪያውን የሳበ ግን አልነበረም።