ተረከዝ ብቻ ያየው ሯጭ

አንድ ሯጭ ነበረ። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። የሚኖረው ደመና ከደጃፍ በታች በሚያልፍበት፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት ከፍ ያለ የተራራ አገር ነው። የዚያ አገር ሰው ሩጫ ይወዳል። ሕፃን ሲወለድ እንኳ ዘመድ አዝማዱ ከፊቱ በፊት እግሩን ያያል ይባላል።

የአገሩ ሯጮች የሚለማመዱት ከመንደሩ በላይ ባለው ጥንታዊ ጫካ ውስጥ ነው። አሯሯጣቸው ላይ ልብ በሉ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ጫካው ሰፊ መንገድ የለውም። የዛፍ ሥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ፍልፈል የማሰው ጉድጓድ አለ። ስለዚህ እንደ ጉንዳን ተከታትለው በአንድ ረድፍ ይሮጣሉ። የፊተኛው መንገድ ይመርጣል። የቀሩት ሁሉ ዐይናቸውን ከፊታቸው ባለው ሰው ተረከዝ ላይ ይተክላሉ። ተረከዙ በረገጠበት ይረግጣሉ፣ በዘለለበት ይዘላሉ። ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክርም «ዐይንህን ከተረከዙ ካነሳህ ወደቅህ» የሚል ነው። እንዲህ ሆነው ሽቅብ ይወጡና ጫካው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ቦታ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በእጃቸው ነክተው ይመለሳሉ። ድንጋዩን ያልነካ ሮጠ አይባልም።

በዚህ ቢያድግልኝን የሚያክለው አልነበረም። ክር መርፌን እንደሚከተል የፊተኛውን ተረከዝ ይከተላል። ማረፍ ደግሞ አይወድም። ጓደኞቹ ሰንበትን አክብረው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እሱ ብቻውን ወጥቶ ድንጋዩን ነክቶ ይመለሳል። ያረፈ ቀን የተሰረቀ ይመስለዋል።

አንድ ክረምት ላይ ግን እግሩ ከበደው። ድሮ ከኋላው የነበሩት አንድ በአንድ እያለፉት ሄዱ። ጠዋት ሲነሳ ሲተኛ እንደነበረው ደክሞ ይነሳል። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰንፌያለሁ ብሎ ሩጫውን ጨመረ። ጨመረና ባሰበት። ባሰበትና ጨመረ።

ነገሩ የጭቃ ቤት ነገር ነው። ግድግዳ የሚጠነክረው ጭቃው ሲለጠፍ ሳይሆን ሲደርቅ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሌላ ብትጨምርበት፣ እሱም ሳይደርቅ ሌላ ብትደርብበት፣ ግድግዳው ይወፍራል እንጂ አይጠነክርም፤ አንድ ቀን እንዳለ ይናዳል። የሰው ሥጋም እንደዚያው ነው። ልምምድ መመረግ ነው፣ ዕረፍት መድረቅ። ቢያድግልኝ እላዩ ላይ የተደራረበ እርጥብ ግድግዳ ሆኖ ነበር።

አሰልጣኟ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይህ ገባቸው። የአገሩ ታላቅ ሩጫ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ማን እንደሚሰለፍ የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። ጠርተው እስከዚያ ድረስ እንዲያርፍ ነገሩት። እሺ አለ፤ ከዚያም ተደብቆ ሮጠ። በማግስቱ ጫማው ላይ ከገደሉ አፍ በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ አፈር አዩ። ዳግመኛ ጠርተው ተቆጡት። ዳግመኛ እሺ አለ። ዳግመኛ ሮጠ።

በመጨረሻ እጁን ይዘው አባ ደምለው ዘንድ ወሰዱት። አባ ደምለው በወጣትነታቸው የዚያ አገር ዝነኛ ሯጭ ነበሩ፤ አሁን ሸምግለዋል፣ ዐይናቸውም ከጠፋ ቆይቷል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጠዋት ጠዋት ሽማግሌውን በእሳቸው እርምጃ እየመራ እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ወስዶ እንዲመልሳቸው አዘዙት።

«የሩጫው ዋዜማ እሳቸውን እጠይቃለሁ» አሉ። «ልጁ አርፏል ካሉኝ ትሰለፋለህ። አላረፈም ካሉኝ ከሰው መሃል ቆመህ ታጨበጭባለህ።»

ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። ሁልጊዜ በረድፉ ላይ ከፊቱ የሚሮጠው ሽባባው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ቢያድጌ፣ አደራህን፣ አባ ደምለው እንዳይቀድሙህ» አለው።

የመጀመሪያው ጠዋት ለሁለቱም መከራ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ይከተሉታል፤ እሱ ይጎትታል፣ እሳቸው ይደናቀፋሉ። ጥቂት እንደሄዱ ቆሙና ጠየቁት።

«ምን ይታይሃል?»

«መንገድ ነዋ፣ አባ።»

«ከመንገዱ ወዲያስ?»

«ዛፍ።»

«ምን ዛፍ?»

ቢያድግልኝ ቀና ብሎ አየ። በዚያ ዛፍ ሥር ከልጅነቱ ጀምሮ አልፏል፤ ግን ዛፉን አያውቀውም። «ትልቅ ዛፍ» አለ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ስስት?» አሉ ሽማግሌው። «እንጀራህን አካፍለኝ አላልኩህም። ያየኸውን ነው።»

ቢያድግልኝ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይሮጥና፣ ላቡን ጠርጎ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ሽማግሌውን ሊመራ ይመጣል። ዐይነ ስውር ምን ያያል ብሎ ነው። አንድ ቀን ከባድ ውርጭ በጣለበት ጠዋት አባ ደምለው እንደ ወትሮው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና ቆም አሉ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«እኔ በሁለት ጋቢ እየተንቀጠቀጥኩ ነው» አሉ። «ይሄ የሚያልበው ትከሻ የማን ነው?»

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ለአሰልጣኟ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ የዓመት ልፋቱ ውኃ በላው ማለት ነው። እሳቸው ግን የሚቀመጡበት ድንጋይ እንዲፈልግላቸው ብቻ ጠየቁት። ከተቀመጡም በኋላ ተናገሩ።

«እኔም ወጣትነቴን የጨረስኩት እዚሁ ጫካ ነው። ሌላው ዐይነ ስውር ቢያንስ ስንቅ አለው፤ ያየውን እያስታወሰ ይኖራል። እኔ ጋደም ብዬ ጫካውን ላስታውስ ስል ምን እንደሚመጣልኝ ታውቃለህ? ተረከዝ። ከፊቴ ይሮጥ የነበረው የአያ ውብአንተ ተረከዝ፣ ግራው የተሰነጠቀው። ነፍሱን ይማረውና፣ ፊቱን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም። ተረከዙን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ከፊት የወጣሁ ጊዜ ደግሞ መሬቱን ነበር የማየው። ይህን ሁሉ ተራራ ወጥቼ ወርጄ፣ ይዤው የቀረሁት ይሄን ነው።»

ቢያድግልኝ የራሱ ነገር ታየው። እሱስ የሽባባውን ተረከዝ ከነጠባሳው ያውቅ የለ? ፊቱንስ? ሲሮጥ ፊቱ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን አይቶ ያውቃል?

«ለአሰልጣኟ ይነግሯቸዋል?» አለ።

«ነግሬ ምን ላገኝ? ማንጠግቦሽ ዐይን አትሰጠኝ። እኔ እዚህ የምመጣው አንተን ላሳርፍ መስሎህ ነው? ለራሴ ነው። የአንተን ዐይን ልለምን ነው የምመጣው።»

በማግስቱ ጠዋት አባ ደምለው እጃቸውን ሲያሳርፉ ትከሻው ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉት።

ያን ቀን ቢያድግልኝ አንድ ነገር ተማረ፤ እየሮጡ መንገር አይቻልም። አንድን ዛፍ ለማያየው ሰው ልንገር ያለ ሰው መቆም አለበት። መቆም ብቻም አይበቃውም፤ መቅረብ፣ መዳሰስ፣ ዙሪያውን መዞር አለበት። ዛፉ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ነበር። ከቅርንጫፎቹ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ሲቸግረው የሽማግሌውን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳው። አባ ደምለው ዳሰሱት፤ ደጋግመው ዳሰሱትና ፊታቸው በራ።

«ለካ ይሄ ነው!» አሉ። «ስሮጥ ፊቴን ይዳብሰኝ የነበረው። እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን የሸረሪት ድር ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ጠዋቶቹ አጠሩባቸው። ቢያድግልኝ ጅብራ የሚባለውን የውርጭ አገር ተክል ቅጠሎች ነገራቸው፤ ውርጩ ሲከብድ ልክ እንደ ጡጫ ተጨብጠው ልባቸውን ሸፍነው ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትነካቸው ደግሞ ቀስ እያሉ ይዘረጋሉ። ይህን ለማየት ጅብራው ሥር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት። ሲጠብቅ ልቡ ረጋ። ሲረጋ፣ እግሩ ውስጥ እንደ እርሳስ ተጋግሮ የነበረው ክብደት ሳያውቀው እየቀለለ ሄደ። ቤቱ ሲገባ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር፤ የሕፃን እንቅልፍ።

እስከዚያ ጊዜ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ደርሰው አያውቁም ነበር፤ የሚነገረው ነገር ስለበዛ መንገድ ላይ ይረፍድባቸዋል። አንድ ጠዋት በማለዳ ወጥተው ደረሱ። የቢያድግልኝ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ድንጋዩ ሄደ። እግሩም እንደ ልማዱ ሊዞር ነበር። ትከሻው ላይ ያለው እጅ ግን አልዞረም። ያኔ ነው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድንጋዩ ባሻገር ያየው።

ምድር አልነበረችም። ከእግሩ ሥር ያለው ሁሉ ደመና ሆኗል፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ እስከ ሰማዩ ጠርዝ የተነጠፈ ደመና። ተራሮቹ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ብቅ አድርገው እንደ ደሴት ቆመዋል። ፀሐይ ከወዲያ ማዶ ወጣችና ጧፍ ከጧፍ እንደሚለኮስ አንዱን ጫፍ ከሌላው እያቀጣጠለች መጣች። ከገደሉ ግድግዳ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መውጣት ጀመሩ። ገደሉ ላይ ተጣብቀው ነው ያደሩት። ጎፈራቸው በነፋስ እየተበተነ፣ ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ከዓለም በታች የሚመጡ ይመስል ጠርዙን ተሻግረው ወጡ። ወጥተውም አልሮጡም። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀመጡ። ከበላያቸው አጥንት ሰባሪ የሚባለው አሞራ ክንፉን አንዴ እንኳ ሳያራግብ ሰማዩን ተሻገረ።

«ምን ይታይሃል?» አሉ አባ ደምለው።

ቢያድግልኝ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌውም ትከሻው ሲወርድባቸው ተከትለው ወረዱ። ደግመው አልጠየቁትም።

«አባ» አለ። «ይሄ ሁሌም እዚህ ነበር?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉ።

ከዚያ ነገራቸው። ደመናውን፣ ጫፎቹን፣ ጭላዳዎቹን፣ አሞራውን፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራቸው። ሽማግሌው ተረት እንደሚሰማ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ነግሮ ሲጨርስም፣ «ደመናውን ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሁለቱም እዚያው ሣሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የሩጫው ዋዜማ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሯጮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሽማግሌውን ጠየቁ፤ ልጁ አርፏል ወይስ አላረፈም? ቢያድግልኝ ያን ውርጭ የጣለበትን ጠዋት አልረሳውም።

አባ ደምለው አገጫቸውን አሻሹ። «ዕረፍቱን እንጃ» አሉ። «ትላንት ግን ከገደሉ አፍ እንመለስ ብዬ ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሳቁ። ቢያድግልኝም ተሰለፈ።

ሩጫው ሲጀመር ዐይኑ በልማዱ የሽባባው ተረከዝ ላይ ወደቀ። ጥቂት እንደሄደ ግን ቀና አለ። አደይ አበባ መስኩን ሞልቶታል፤ ከወንዙ ማዶ ሕዝቡ ነጠላውን ያውለበልባል። እግሩን አዳመጠው፤ ምርጊቱ ደርቋል፣ ግድግዳው ቆሟል። ያኔ ከተረከዙ ኋላ ወጥቶ ወደ ጎን ሄደ፣ ወደፊትም ሄደ። እስከ መጨረሻዋ አቀበት ድረስ ከሽባባው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነበሩ።

ሲጨርስ ሰው ሁሉ ስንተኛ እንደወጣ ሊያውቅ ይጋፋል። አባ ደምለው ግን በሰው መሃል እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ፈለጉና ያችኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁት። ምን ታየህ?

ቢያድግልኝ አደይ አበባውን ነገራቸው፣ ወንዙን ነገራቸው፣ የሕዝቡን ነጠላ ነገራቸው። ሽማግሌው በደንብ ከሰሙ በኋላ፣ «ስንተኛ ወጣህ ታዲያ?» አሉት።

«ሁለተኛ። ሽባባው በአንድ ክንድ ቀደመኝ።»

«አይ፣ ተረከዙን አየኸዋ።»

«ተረከዙን አይደለም ያየሁት፣ አባ» አለ። «ፊቱን ነው። ሲሮጥ ይስቃል። ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላው ሮጬ፣ ሲሮጥ እንደሚስቅ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ልማዱ ተለውጧል ይባላል። ሯጮቹ ዛሬም በረድፍ ይወጣሉ፣ ዛሬም ተረከዝ ይከተላሉ፤ ጫካው አሁንም ሥርና ጉድጓድ ነውና። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ግን ነክተው አይመለሱም። ነክተው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሚያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አጠገቡ አንድ የማያይ ሰው እንዳለ ያህል። አሁን ያልተቀመጠ ነው ሮጠ የማይባለው።

ከዚህ የምንወስደው ይህ ነው። ሁላችንም የምንከተለው ተረከዝ አለን፤ ለአንዱ ሥራው ነው፣ ለሌላው ትምህርቱ፣ ለሌላው የቀደመው ጎረቤቱ። መከተሉ ክፉ አይደለም፤ ሳንወድቅ የሚያወጣን እሱ ነው። ክፉው ከድንጋዩ ባሻገር ሳያዩ ነክቶ መመለስ ነው። ዕረፍት ከመንገዳችን የሚሰረቅ ጊዜ አይደለም። ድካማችን ወደ ጉልበት የሚደርቅበት፣ ዐይናችንም ለኋላ ዘመን ስንቅ የሚቋጥርበት ጊዜ ነው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ዐይናችሁ ቢከደን፣ ጋደም ስትሉ የሚመጣላችሁ ምንድን ነው? ደመናው ነው ወይስ ተረከዙ?