ብርድ ልብስ የለበሰው ስፒከር

ኪሱ ቀጭን፣ ጆሮው ግን ጥንቁቅ የሆነ አንድ አናጢ ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁም፣ ልጄ። ቤትሽ ሆነሽ የምታውቂው መልስ ክፍል ውስጥ ስትጠየቂ ለምን ከአፍሽ አልወጣም ብሎ እንደሚቀር፣ ገና ትምህርት አንሶሽ እንደሆነም ነው የጠየቅሽኝ። ቆዪ፣ መጀመሪያ የአናጢውን ስሚ።

ይህ ሰው እንጨት ሲገዛ ዓይኑን አያምንም ነበር። በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጠዋል፤ ውስጡን ነቀዝ የበላውን በድምፁ ይለየዋል። አባቱ አብረውት ይኖሩ ነበር። እኚህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጆሯቸው እየደከመ ሲመጣ ግን ሰው ሲስቅ ብቻቸውን ዝም ብለው መቀመጥ አሳፈራቸው። በኋላ ምሳቸውንም ጓዳ ሆነው መብላት ጀመሩ። ልጃቸውን ይህ አንገበገበው። «ፊልም ባሳያቸው፣ ቃሉንም ጥርት አድርጌ ባሰማቸው፣ ወደ እኛ ይመለሱ ነበር» ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሳሎኑን ትንሽ ሲኒማ ሊያደርገው ተነሣ።

ያጠራቀመው ገንዘብ ግን ለሁሉም አይበቃም። ሁሉንም መናኛ ልግዛ ወይስ አንዱን ምርጥ አድርጌ ሌላውን ልቻለው እያለ ብዙ አሰላሰለ። በመጨረሻ፣ የደበዘዘ ምስል ሰው ይችለዋል፣ ያልተሰማ ቃል ግን እንዳልተነገረ ነው ብሎ ወደ ስፒከር ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሙዚቃ ከፈተለት።

«ሙዚቃውን ተወውና ሰው የሚያወራበትን ክፈትልኝ» አለ አናጢው።

«በዚህ ስፒከር ወሬ ልትሰማበት ነው?» ብሎ ባለሱቁ ሳቀበት።

«አዎ። እኛ የቸገረን ወሬ ነው።»

ዓይኑን ጨፍኖ አንድ በአንድ አዳመጠ። ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚያወራ የመሰለውን ጥንድ መረጠ፤ ገንዘቡም እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል። በተረፈችው ያገለገለ ፕሮጀክተር ገዛ። ምስሉ የሚያርፍበትን ግድግዳ ኖራ ቀባው። አግዳሚ ወንበሮቹን ከቁርጥራጭ እንጨት ራሱ ሠራ። ጎረቤቶቹ «ሱሪ ሳይኖረው ክራቫት ገዛ» እያሉ ተሳለቁበት።

ሚስቱ ግን ለዕቃው ሳሳች። ስፒከሮቹን ከነላስቲካቸው ቡፌው ላይ አስቀመጠች። ለሠርጓ የተሰጣትን ወፍራም ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው፤ በላዩም ዳንቴል ጣለች። «አቧራ ገብቶባቸው ቢበላሹ ሌላ ከየት እናመጣለን?» አለች። እሱም እውነቷን ነው ብሎ አመሰገናት። ሊከፍቱ ሲሉም ገመዱን ሰኩ እንጂ ልብሱን አልነኩም።

እሑድ ከሰዓት መስኮቱን ጋርደው አባትየውን ከጓዳ አወጧቸው። ፊልሙ ተጀመረ። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተከታተሉ። ግማሽ ሳይደርስ ተነሡ።

«ምነው አባባ?»

«ይጮኻል እንጂ አይናገርም፣ ልጄ። እናንተ እዩ።» ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጓዳቸው ተመለሱ።

አናጢው ድምፁን ቢጨምረው ባሰበት። ባለሱቁ ሌላ ዕቃ አስታቅፎኛል ብሎ ሊመልሰው ቆረጠ። በማግስቱ ስፒከሩን ሊያወርድ ሲል ወገቡ ላይ የሻጠው መዶሻ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቤቱ ጮኸ፤ ጩኸቱም ቶሎ አልበረደም። ገረመው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመለሰበት። መኝታ ቤት ገብቶ አጨበጨበ፤ ፍራሹና ልብሱ ባለበት ክፍል ድምፁ አልተመለሰም። ወደ ሳሎን፣ እንደገና ወደ መኝታ ቤት።

«ምን ሆነሃል? ብቻህን ሠርግ ጠራህ እንዴ?» አለች ሚስቱ።

አናጢው ወደ ሳሎን ተመለሰ። ዓይኑ ስፒከሮቹ ላይ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር ብርድ ልብሱ ብቻ ነው፤ እሱም የስፒከሮቹን አፍ ሸፍኗል። ዳንቴሉን አነሣ። ብርድ ልብሱን ገፈፈ። ላስቲኩን ቀደደ።

«አንተ ሰውዬ! አቧራው!»

ብርድ ልብሱን ወስዶ ትይዩ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ በሚስማር ቸነከረው።

«የሠርጌን ብርድ ልብስ!» ሚስቱ ራሷን ያዘች።

ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፈ፤ ስፒከሮቹንም ከቡፌው አውርዶ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ አቆማቸው። ከዚያ አባቱን ለመናቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባባ።» እያጉረመረሙ መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ለአባቷ በሹክሹክታ «አክስቴ ጋ ነበርኩ» ስትል ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ውሸቷን ነው! አሁን ከዚያ ጎረምሳ ጋር አልነበረች?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን ሳሎን በሉ። ሚስትየዋ ግን የብርድ ልብሱን ነገር እስካሁን ታነሣበታለች ይባላል።

እንግዲህ ልጄ፣ አናጢው ሌላ ስፒከር አልገዛም። ያው የመጀመሪያው ነው የተናገረው። አንቺም ስምንተኛ ክፍልን ያለፍሽበት ዕውቀት አለሽ፤ ተጨማሪ ብትማሪ መልካም ነው፤ ዝም ያሰኘሽ ግን የዕውቀት ማነስ አይደለም። የክፍልሽ ልጆች ፌዝ እንዳይነካው ብለሽ ድምፅሽን ሸፍነሽዋል። ፌዝ አቧራ ነው፤ ያርፋል፣ ይጠረጋል። የሰማውን ሁሉ እያንጫጫ የሚመልስ ባዶ ግድግዳም በየክፍሉ አለ፤ እሱን ልታፈርሺው አትችዪም። ግን አንድ የሚያዳምጥሽ ሰው ትይዩሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ነገ ከምትወድሽ ጓደኛሽ ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ ስትጠየቂም እሷን እያየሽ መልሺ።

አሁን ደግሞ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ያስደገምኩሽ ጆሮዬ ደክሞ እንዳይመስልሽ። ነጠላሽን ከአፍሽ ላይ አውርጂና እንደገና ጠይቂኝ።