አራት ጊዜ የተፈታው ዲፈረንሻል

አንድ ሾፌር ነበረ፤ አሮጌ ፒካፕ ያለው። ከጨንቻ ወዲያ ካለች ደጋ መንደር ፖም እየጫነ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። የሚጭነው ግን ፖም ብቻ አይደለም። መንደሯ አምቡላንስ የማይደርስባት ስለሆነች፣ ሰው በታመመ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው።

ከመንደሩ ወርደው ወንዙን እንደተሻገሩ አንዲት ዳገት አለች። አጭር ናት፤ ግን ቀይ ጭቃ ናት። አንድ የክረምት ቀን አንዲት የታመመች እናት ጭኖ ሲሄድ መኪናው እዚያች ዳገት ላይ ቀረ። ግራው የኋላ ጎማ ጭቃው ውስጥ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ቀኙ ደረቅ ድንጋይ ላይ ነው፤ ግን ንቅንቅ አይልም። የመኪና ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ኃይሉ ሁሉ ወደሚንሸራተተው ይሄዳል። መሬት የያዘው፣ መግፋት የሚችለው፣ ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

ያችን እናት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አራት ሰዓት ሙሉ ሄዱ። ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሾፌሩ ግን ያን ቀን ሊረሳው አልቻለም። «ባዶ መኪናዬን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ቀረሁ» ብሎኛል።

ምን አደረገ? ዳገት የሚችል አዲስ የዲፈረንሻል ጥርስና ሎክ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል ነው፤ ሎክ የሚሉት ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ሲቆለፍ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ አንዱ ቢንሸራተት እንኳ ሌላው አብሮ ይዞራል። ዕቃውን ሁሉ ይዞ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳሉ አንድ መካኒክ ሄደ። ጋሽ ኦይሳ ይባላሉ፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው።

ጋሽ ኦይሳ ዕቃውን አገላብጠው አዩና፣ «ስንት ቀን ትሰጠኛለህ?» አሉት።

«ሁለት ቀን ጋሼ። ክረምቱ እንደገና መጣ፤ መንደሩም እኔን ነው የሚጠብቀው።»

«እንሞክራለን።»

ፒካፑ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነውና የፊቱም የኋላውም ጥርስ መቀየር አለበት፤ ያለዚያ ፊቱና ኋላው እርስ በርስ ይጎታተታሉ። የፊቱ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። የኋላው ግን እምቢ አለ። ጋሽ ኦይሳ ጥርሶቹን ገጠሙ፤ ቢጫ ቀለም ቀቡ፤ በእጃቸው አዞሩ። አንዱ ጥርስ ሌላውን የነካበት ቦታ ቀለሙ ላይ ይታያል። መሀል ላይ መሆን ነበረበት፤ ጫፍ ላይ ሆነ። ፈቱት። ከወረቀት የሳሳ የብረት ቀለበት ጨመሩና መልሰው ገጠሙ። አሁን ደግሞ ምልክቱ ወደ ጥርሱ ሥር ወረደ። ፈቱት። ሦስተኛውም ለጥቂት ሳተ። እሱንም ፈቱት።

ሦስተኛው ቀን ሆነ። ሾፌሩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይዞራል አይደል? ምን ጎደለው? በሽፋን ይዘጋል፣ ዘይት ይሞላል፤ ማን ያየዋል?»

ጋሽ ኦይሳ ቀና አሉ። «ልክ ነህ ልጄ። ከተዘጋ በኋላ እኔም አላየውም፣ አንተም አታየውም። ዳገቱ ግን ያየዋል» አሉት።

በአራተኛው ቀለሙ መሀል ላይ አረፈ። ደስ አላቸው። ዘጉት፤ ዘይት ሞሉ፤ አብረው ለሙከራ ወጡ። መኪናው ሄደ! ሾፌሩ በደስታ መሪውን ይመታል። ጋሽ ኦይሳ ግን ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ዘንበል አደረጉ።

«ያፏጫል» አሉ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«እኔ ሰምቻለሁ። መልሰው።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ደንበኛው ረክቷል። «ውሰድ» ቢሉት እየመረቃቸው ይሄድ ነበር። ከእሳቸው ጆሮ በቀር የሚመሰክር አልነበረም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መለሱትና ፈቱት። ከዚያች ስስ ቀለበት ሥር የጥፍር ቁራጭ የምታህል የብረት ፍቅፋቂ ተገኘች። ጋሽ ኦይሳ በጣታቸው አንስተው ለሾፌሩ አሳዩት።

«ስገጥም ያልጠረግሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። ይህች እያለች ጭነት ሲበዛበት ጥርሱ ይላላል፤ ከዚያ ይሰበራል።»

ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «መጋቢ፣ ሊደብቁት ይችሉ ነበር እኮ» አለኝ። «ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ቢከቷት ማን ያውቃል?»

ጠርገው፣ ገጥመው፣ ዘግተው ሰጡት። አምስተኛው ቀን ሆኖ ነበር። «አንድ ሳምንት ቀስ ብለህ ንዳው፤ ጥርሶቹ ይላመዱ» ብለው ሸኙት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አልታዬ የሚባል ሸማኔ በሆዱ ሕመም ወደቀ። ዝናቡ አላባራ ብሏል። ከነሚስቱ ጫኑት፤ ወንዙን ተሻገሩ፤ ከዚያች ዳገት ሥር ደረሱ። ሚስቱ ዳገቱን ስታይ «ጌታዬ፣ እዚህ አታስቀረን» እያለች ታለቅሳለች። ሾፌሩ ሎኩን ቆለፈው። ግራው ጎማ ጭቃውን አገኘና ተንሸራተተ። ቀኙ ግን አልቆመም፤ አብሮ ዞረ። መኪናው አቃሰተ፤ ስንዝር በስንዝር ወጣ፤ ወጣ፤ ዳገቱ አናት ላይ ደረሰ!

አልታዬን ያን ዕለት ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ነበረ። ሐኪሙ «እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር» አላቸው።

ሾፌሩ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ጋሽ ኦይሳ ሄደ። አንድ መኪና ሥር ተኝተው ይሠራሉ። ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ዳገቱ፣ ስለ አልታዬ፣ ሐኪሙ ስላለው።

ጋሽ ኦይሳ ካሉበት ሆነው፣ «ሲወጣ ድምፅ ነበረው?» አሉ።

«የለም ጋሼ። ምንም ድምፅ አልነበረውም።»

«እሰይ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ሳላገኛቸው እወዳቸዋለሁ። አልታዬ ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ያቺን ብረት ባነሱባት ደቂቃ ግን የአልታዬን ነፍስ በጣታቸው ይዘው ነበር።

የተወደዳችሁ፣ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ፉጨቱን እየሰማን የምንነዳው? አንተ ግንበኛው፣ ያን ምሰሶ ስትሞላ ሲሚንቶው እንዳነሰ ታውቃለህ፤ ግን በቀለም ተሸፍኗል። አንቺ መምህርት፣ ያ ልጅ ማንበብ ሳይችል ወደሚቀጥለው ክፍል እንዳሳለፍሽው ታውቂያለሽ፤ ግን ወላጆቹ አመስግነውሻል። አንተ አባት፣ ከልጅህ ጋር «ታረቅን» ብለሃል፤ ግን አንዲት ያልተባለች ቃል መሀላችሁ እንዳለች ታውቃለህ። ሰው ሁሉ «ደኅና ነው» ይላል። እናንተ ግን ሰምታችኋል። ያን ጆሮ የሰጣችሁ እግዚአብሔር ነው፤ ሊኮንናችሁ አይደለም፤ ዳገቱ ሳይመጣ እንድትመለሱ ነው።

እኔም አለሁበት። ባለፈው ወር ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾችን በዚህ መድረክ ፊት አስታረቅሁ። ተጨባበጡ፤ እናንተም እልል አላችሁ። ታናሽየው ግን ሲጨብጥ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር። አይቻለሁ። አይቼ ጸለይሁና ዘጋሁት፤ ደስ ብሏችሁ ነበርና።

ዛሬ ከዚህ ስወጣ የምሄደው ወደ ታናሽየው ቤት ነው። እናንተስ፣ ከዚህ ስትወጡ ወዴት ትሄዳላችሁ?