ፈቃድ የጠየቀው ፕሮግራም

ሥራ አስኪያጁ አቶ መንበሩ ለሠራተኛው ሁሉ የስብሰባ ጥሪ የሚልክ ፕሮግራም በኢሜይላቸው ላይ እንዲገጠምላቸው አዘዙ። አንዲት ምላሷ የማያርፍ የኮምፒውተር ባለሙያ ሠርታ ገጠመችላቸውና፣ "ቁልፉን ብቻ ይጫኑ፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል" አለቻቸው።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ባዶ ሆነ። ጥሪው ለማንም አልደረሰም ነበር። አቶ መንበሩ አዲሱን ከረባታቸውን እንዳሰሩ ወደ ቢሯቸው ተመልሰው፣ የክፍል ኃላፊዎቹን ሰበሰቡና ባለሙያዋን አስጠሯት።

"ባዶ ወንበር ፊት አቆምሽኝ!" አሏት። "ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚሁ ሰው ፊት ንገሪኝ። አለዚያ መታወቂያሽን አስረክበሽ ውጪ።"

ልጅቱ ደነገጠች። ቢሆንም፣ "እስቲ አንድ ጊዜ ፊታችን ይሞክሩት" አለች።

አቶ መንበሩ ቁልፉን ተጫኑ። በስክሪኑ ላይ፣ "ይህ ፕሮግራም በስምዎ መልእክት ሊልክ ነው። ይፈቅዱለታል?" የሚል ጥያቄ ብቅ አለ። እሳቸው አንብበው ሳይጨርሱ "አልፈቅድም" የሚለውን ነኩ። ወዲያው "መልእክቱ አልተላከም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

"ይኸው፣ አያችሁ?" አሉ ወደ ኃላፊዎቹ ዞረው። "በይ እንግዲህ ተናገሪ፤ ጥፋቱ የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ" አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። "እዚህ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቆ ያገኘ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ፣ ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጌ ሠራሁት።"

ኃላፊዎቹ ሳቃቸውን በሳል ለመሸፈን ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። አቶ መንበሩም ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ቁልፉን እንደገና ተጫኑ፤ "እፈቅዳለሁ" የሚለውን ሲነኩ የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ።