ወፍጮ ቤቱ አጠገብ

አንድ ሹም ነበረ። «ጥናታችንን ማን ሰምቶ ምን ይለውጣል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የእሱን ነገር የማነሣልሽ።

የአንድ ወረዳ ጤና ኃላፊ ነው። እናቶች ልጅ አራርቀው እንዲወልዱ ብሎ አንድ ክፍል ከፈተ። ነጭ ቀለም አስቀባ፣ ነርስ መደበ፣ መድኃኒት አስገባ። ቀኑንም አስቦ መረጠ፤ የሚካኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ ዕለት። በዓል ነው፤ ገበሬው አያርስም፤ ሴቶቹም ፋታ ያገኛሉ። ይመጣሉ አለ።

አልመጡም።

ድምፅ ማጉያ ገዛ። ፖስተር አስለጠፈ፤ ፖስተሩ ላይ ሁለት ልጆች ይስቃሉ። ነርሷ አሁንም ብቻዋን ተቀመጠች።

«ይህ ሕዝብ አይፈልግም» አለ ሹሙ። «ክፍሉን መጋዘን አደርገዋለሁ።»

በዚያው ወረዳ አንዲት ሴት ነበረች። አምስተኛ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያዋለደቻት ሐኪም «የሚቀጥለው ይገድልሻል» ብላታለች። ክፍሉ ከተዘጋ ሌላ የምትሄድበት የላትም። ተከፍቶም ሳለ ግን አልሄደችም።

አንዲት ጥናት የምትሠራ ወጣት መጣች። መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው «ትፈልጊያለሽ?» እያለች ሴቶቹን ጠየቀች። «አዎ» አሏት። ይህንኑ ለሹሙ ነገረችው። ሳቀ።

«እንግዳ ፊት እምቢ የሚል የት አገር አየሽ?»

እውነቱን ነው። ተመልሳ ሄደችና ጥያቄዋን ቀየረች። ያችን ሴት አገኘቻት። «ከቤት ወጥተሽ ስትመለሺ ‹የት ነበርሽ?› የማትባዪው መቼ ነው?»

«እህል ላስፈጭ ስሄድ ነዋ፣ እቴ!» አለች ሴትየዋ። «ወረፋው መከራ ነው፤ ብዘገይ ማን ይጠይቀኛል? በበዓልማ ባሌም አማቴም ደጃፍ ላይ ናቸው። ነጠላዬን ገና ሳነሣ ‹ወዴት ነው?› ይመጣል።»

ሌሎቹም በየቤታቸው ይህንኑ አሉ።

ወጣቷ እንደገና ሹሙ ዘንድ ቀረበች። ይፈልጋሉ፣ አይፈልጉም ብላ አልተከራከረችውም። «ነርሷን ለአንድ ወር በሥራ ቀን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያስቀምጧት። ካልመጡ መጋዘንዎን ይሥሩ» አለችው።

ቀኑን የመረጠው ሹሙ ራሱ ነው፤ አልሆነም ማለት ለሹም ቀላል አይደለም። ግን ተነሣ። የነርሷን ጠረጴዛ በአንድ በኩል ራሱ ይዞ መኪና ላይ ጫነው።

ያች ሴት እህሏን ወረፋ አስያዘችና ነርሷ ዘንድ ገባች። ስትመለስ ዱቄቷን አዝላ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጥቶ ነበር። አማቷ ከደጃፍ አየቻት።

«ዛሬም ወረፋው ረዘመ?»

«ረዘመ፣ እማማ።»

አማቷ አቁማዳውን ተቀብላት ገባች። ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ መጡ፤ መጋዘኑ ሳይሠራ ቀረ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሹሙ መንግሥት ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ሥራ የበዛበት ነው። ወጣቷ አንቺ ነሽ። ሰው ምን እንደሚፈልግ ብቻ ነግረሽው ስትመለሺ ይስቅብሻል። ጠረጴዛው የት ቢቀመጥ እንደሚሻል ስትነግሪው ግን ተነሥቶ ይሸከመዋል። ደጋግሜ አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ ገና ‹ትፈልጊያለሽ?› ላይ ነሽ። ሂጂና ጥያቄሽን ቀይሪ።